አምስት ብሎን፣ ሰባት ካሴት፦ ታይዋን ገበያ አካባቢ ያለው ጥገና ቤት

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ አካባቢ፣ ስም የሌለው አንድ ጥገና ቤት አለ። ከበሩ በላይ «ቴሌቪዥን፣ ቴፕ፣ ዴክ ይጠገናል» ከሚል የደበዘዘ ጽሑፍ በቀር መለያ የለውም። አሮጌ የቪዲዮ ካሴት ወደ ፍላሽ ይገለብጣል ሲሉኝ ሰባት ካሴት ይዤ ሄድኩ፤ አምስቱን አዳነልኝ። ከወዲሁ ልናገር፤ የሰውየው እጅ የተባረከ ነው፣ ቀጠሮው ግን ቀጠሮ አይደለም። በሳምንት አደርሳለሁ ብሎ ሃያ ሦስት ቀን አመላልሶኛል።

ካሴቶቹ የሟች ታናሽ ወንድሜ ናቸው። ለቴሌቪዥን ካሜራ ተሸክሞ ሃያ ዓመት አገር ላገር ዞሯል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነበር። ወንድሜ የገባው በ1977 ዓ.ም. የቀለም ሥርጭት ከመጣ በኋላ ስለሆነ፣ እኔ አስተማሪዋ እህቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ «የቀለም ልጅስ እኔ ነኝ» እያለ ይኩራራብኝ ነበር።

የቴሌቪዥን ሰው ሲባል የምናስታውሰው ፊትና ድምፅ ነው። አባባ ተስፋዬ ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲነግሩ አድገናል፤ ልጆቻችንንም አሳድገናል። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ የደምሴ ዳምጤ ድምፅ በየቤቱ ሰው አስለቅሷል። ከካሜራው ጀርባ የሚቆመውን ግን የሚያውቀው ቤተሰቡ ብቻ ነው፤ ቤተሰቡም የሚያውቀው በዓል በመጣ ቁጥር ከቤት በመጥፋቱ ነው።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ካሴቶቹ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሌሊት ከተማ ውስጥ ሲገባ ከአልጋ ሥር ነበሩ። ያን ሌሊት ስንቱ ሰው አልቆ ስለ ካሴት ማን ያስባል። ጭቃውን ጠርጌ በፌስታል ቋጠርኳቸውና ዓመታት አለፉ። ከጥቂት ዓመት በፊት በሌላ ከተማ አንዱን ለአንድ ሱቅ ሰጥቼ፣ ዴኩ ክሩን በልቶ መሐሉን ቀጥለው መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ ማንንም አላመንኩም።

ይህኛው ግን ካሴቱን ተቀብሎ ዴክ ውስጥ ለመክተት አልቸኮለም። አገላብጦ አየው፣ አሸተተው፣ «እማማ፣ ይሄ ጎርፍ ጠጥቷል» አለኝ። (ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እማማ መባሉን አልወደድኩትም።) ከዚያ አምስቱን ብሎን ፈታ፣ የላስቲኩን ሽፋን ከፈተና ክሩን ከነጥቅሉ አወጣው። ለመኪና ባትሪ በሚጨመረው የተጣራ ውሃ ጭቃውን ቀስ እያለ አጠበ፣ ፀሐይ ሳያሳይ በቬንትሌተር አደረቀ፣ በመጨረሻም ከሌላ ባዶ ካሴት በተፈታ ንጹሕ ሽፋን ውስጥ መልሶ ገጠመው። ከእያንዳንዱ ካሴት በኋላ የዴኩን ሄድ፣ ማለትም ክሩን የሚያነበውን ክፍል፣ በአልኮል ይወለውላል። የሦስት ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ መሐል ላይ መብራት ከሄደ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ሃያ ሦስቱን ቀን ይቅር ያልኩትም ለዚህ ነው፤ ስልክ አለማንሳቱን ግን አልማርኩትም።

ዋጋው ለአንድ ካሴት 350 ብር ነው። ላልዳኑት ሁለቱ አላስከፈለኝም፤ እንድጥላቸውም አልፈቀደም። «ክሩ ተጣብቋል እንጂ አልሞተም» ብሎ በጋዜጣ ጠቅልሎ መለሰልኝ።

ሲያስረክበኝ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «መጀመሪያ ላይ ምስሉ ሳይስተካከል ሰው የሚያወራበት አለ፤ ልቁረጠው?» እስቲ ልየው አልኩ። ስክሪኑ ላይ የድሮው ለገሀር ይንቀጠቀጣል። ዛሬ ባቡሩ ከከተማው ወጣ ብሎ በአዲሱ ጣቢያ ነው የሚቆመው፤ ያኔ ግን መሐል ድሬ ገብቶ ይጮህ ነበር። ምስሉ ከመጥራቱ በፊት የወንድሜ ድምፅ መጣ፦ «ያንን ልጅ ከሐዲዱ ላይ አንሱልኝ! ኧረ ፀሐይ ሄደችብን!» ሌላ ሰው ከጎኑ ይስቃል፤ ድምፅ ቀራጩ ይሁን ሾፌሩ አላወቅኩም። ልጁ በባዶ እግሩ ወደ ካሜራው መጣና ሌንሱን በሙሉ በጥርሱ ሞላው። ከዚያ በኋላ ነው ሥነ ሥርዓት ያለው ምስል የሚጀምረው፤ ጣቢያው፣ ጆንያው፣ ተሳፋሪው። እሱን ማንም ሊያነሳው ይችል ነበር።

«እንዳትነካው» አልኩት።

ሱቁ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ ድሬ ቴሌቪዥን ላይ ነው፤ አማርኛው፣ አፋን ኦሮሞው፣ ሶማሊኛው ይፈራረቃል። ወረፋ ስጠብቅ የቀፊራ ገበያን የሚያሳይ ዘገባ ነበር። ካሜራው ለአፍታ ተንቀጠቀጠና ቀና አለ፤ ሰው ገፍቶት መሆን አለበት። ማን ይሆን የያዘው ብዬ ጥገና ሠሪውን ብጠይቀው፣ ከብሎኑ ቀና ሳይል «አንድ ከሲታ ልጅ ነው፤ ቻርጀር ሊያሠራ እዚህ ይመጣል» አለኝ።

ለመሄድ ያሰባችሁ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ እሱ ጋ ያለው ውድ ነው። ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሙቀቱ ምክንያት ዝግ ነው፤ በከንቱ በር እንዳትደበድቡ። ፋይሎቹን «ባቡር 1»፣ «ባቡር 2» እያለ ነው የሚሰይማቸው፤ የአክስቴ ልጅ ሠርግ «ባቡር 4» ሆኖ ነው ያገኘሁት።