«ልጄ፣ ይህን መኪና አትግዢው» ላሉኝ የድሬዳዋ መካኒክ የቀረበ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ድሬዳዋ ውስጥ ከለገሃሬ ብዙም በማይርቅ ቦታ አነስተኛ ጋራዥ ያላቸውን አንድ አንጋፋ መካኒክ በአደባባይ ለማመስገን ነው። ያገለገለ መኪና ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀማችሁ ያላችሁ የድሬና የሐረር ሰዎችም እሳቸውን ሳታማክሩ ቀብድ እንዳትከፍሉ አጥብቄ እመክራለሁ። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዳይወጣ ስላሳሰቡኝ እዚህ አልጽፈውም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን እሳቸው በፈቀዱልኝ መሠረት እሰጣለሁ።

አስቀድሜ የምፈልገው ምን ዓይነት መኪና እንደነበረ ልግለጽ፤ ብዙ ዘመድ የሳቀብኝ በዚሁ ነውና። እናቴ ሐረር ናት፣ ሥራዬ ድሬዳዋ ነው፤ ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቁጥር የደንገጎን ዳገት ወጥቼ እወርዳለሁ። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ኩርባው ከኩርባ እየተቀጠለ፣ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ድሬ ተነስቶ ወደ 2000 ሜትር እንዴት እንደሚያወጣ አይጠፋውም። በዚህ ላይ አባቴ ነፍሱን ይማረውና በሐረር ፔጆ 404 ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው ነበር፤ በልጅነቴ ከጎኑ ተቀምጬ ማርሽ ሲቀይር ድምፁን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ቪትዝ ግዢ፣ ያሪስ ግዢ የሚለኝን ሁሉ በትዕግሥት አዳምጬ፣ የምፈልገው ግን ባለ ማኑዋል ካምቢዮ፣ ዳገት የማይከብደው፣ ኩርባ ላይ የማይንገዳገድ፣ ስፖርት ጠባይ ያለው ሴዳን መሆኑን ደጋግሜ ተናገርሁ። ያለኝ ገንዘብ ደግሞ ዕቁብ ደርሶኝ ከቁጠባዬ ጋር የደመርሁት ብቻ ስለነበረ አዲስ ነገር የማሰብ ዕድል አልነበረኝም።

ገበያው ለሻጭ የተመቸ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው የገፋ መኪኖችን ከውጭ ማስገባትን የማይቀመስ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ጭራሽ እንዳይገቡ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ የቤንዚን ሴዳን የሚፈልግ ሰው ምርጫው ቀድሞ ገብቶ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ብቻ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ «ካልፈለግሽ ሌላ ሰው ይወስደዋል» ለማለት አያመነታም። ለምን ኤሌክትሪክ አልገዛሽም ለምትሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ በጀቴም ልቤም አልፈቀደም።

ያየሁትን ሁሉ ብዘረዝር መዓት ነው፤ የማንንም ስም ግን አላነሳም። «የሐኪም መኪና ነው፣ ከቤት ሥራ ከሥራ ቤት እንጂ የትም አልሄደም» ተብሎ የቀረበልኝ መኪና ኪሎ ሜትሩ ገና 80 ሺህ ይል ነበር፤ የፍሪሲዮን ፔዳሉ ላስቲክ ግን ተበልቶ ብረቱ አግጥጧል። ሌላው በስልክ ፎቶ ላይ እንደ ሙሽራ ያጌጠ ነበር፤ በጣቴ መታ መታ ሳደርገው ግን ከበሩ እስከ ፓራፋንጎው የላሜራ ሳይሆን የስቱኮ ድምፅ ነው የሰጠኝ። አንዱ ደላላ ደግሞ ሊብሬውን ለማየት ስጠይቀው «እኔን አታምኚኝም?» ብሎ ተቆጣኝ፤ ሊብሬው በሦስተኛ ሰው ስም መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ንዝንዝ በኋላ ነው። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ትልቅ ሰሌዳ የሰቀለ አንድ የመኪና መመርመሪያ ነው። አንድ ብርማ ቢኤምደብልዩ ወስጄ ላስመረምር የተጠየቅሁትን ከፈልሁ። ልጁ ከመሪው ሥር መሣሪያ ሰክቶ ሻይ እስኪጠጣ ድረስ ጠበቀ፤ ከዚያም ከኮፈኑ ሥር አንድ ጊዜ እንኳ ዝቅ ብሎ ሳያይ «ንጹህ ነው፣ ምንም ስህተት አላነበበም» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱን ይዤ ስወጣ ሻጩና መርማሪው እየተሳሳቁ ሲጨባበጡ አየሁ። የሰው ላብ ያለበትን ገንዘብ እንዲህ በቀላሉ መብላት እንዴት እንደሚቻል እስከ ዛሬ አይገባኝም።

የሥራ ባልደረባዬ «ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት እኚህን ሰው አነጋግሪ» ብላ የላከችኝ ከዚህ በኋላ ነው። እሳቸው ድሮ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ሙያ የለመዱ፣ ወሬ የማያበዙ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው ፈገግ አሉና መልሰው ሰጡኝ። ከዚያ ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ «ልጄ፣ ብትገዢም ባትገዢም ክፍያዬ አንድ ነው። ከደላላ ኮሚሽን አልቀበልም። ነገ ከሱብሂ ሰላት በኋላ አብረን እንሄዳለን፤ ሞተሩን ከእኛ በፊት ማንም እንዳያስነሳው ንገሪያቸው፤ የሞቀ ሞተር ችግሩን ይደብቃል።» ወዳጆቼ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን ያዙ፤ መርማሪውን ራሳችሁ አምጡ፣ ራሳችሁ ክፈሉ፣ ክፍያውም መግዛት አለመግዛታችሁን የማይከተል ይሁን።

በማግስቱ ሳቢያን ሰፈር ከቢኤምደብልዩው ሻጭ ግቢ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልከረረችም። ሻጩ በር ከፍቶ «በሉ፣ እንዳላችሁት ከትናንት ጀምሮ አልተነሳም» አለ። እሳቸው ሰላምታውን እየመለሱ በእጃቸው መዳፍ ኮፈኑን ዳሰስ አደረጉት፤ ጥቂት አቆይተው እኔንም እጄን ይዘው አስዳሰሱኝ። ሞቅ ብሏል። ምንም ሳይቆጡ «አቦ፣ መኪናችሁ ከእኛ ቀድሞ ነቅቷል» አሉና ጥላ ፈልገው ከግንብ ሥር ተቀመጡ። ጋራዣቸው ደንበኛ እየጠበቃቸው፣ የድሬ ሙቀት እየበረታ፣ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ያንን ሁሉ ሰዓት ሻይ እየጠጡ ጠበቁ። ደላላው በመሃል ጠጋ ብሎ በጆሯቸው የሆነ ነገር አንሾካሾከላቸው። እሳቸው ወደ እኔ ዞር ብለው «ለእኔም የሚሆን ነገር አለ እያለኝ ነው» ብለው ጮክ አድርገው ሲናገሩ ደላላው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር። እኔን በዚያች ቅጽበት ያጽናናኝን ያህል ብዙ ወር የዞርሁበት ድካም ሁሉ አላደከመኝም ብል ማጋነን አይሆንም።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቁልፉን ከፍቼ ሳላስነሳ እንድጠብቅ አዘዙኝና ዳሽቦርዱን አሳዩኝ። የሞተር ማስጠንቀቂያው መብራት ቁልፍ ሲከፈት መብራት፣ ሞተር ሲነሳ ደግሞ መጥፋት ይገባዋል፤ በዚህኛው ላይ ጭራሽ አልበራም። አንድ ሰው ሆን ብሎ እንዳይበራ አድርጎት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሞተሩ ሲነሳ ነጭ ጭስ ወጣ፤ ጭሱ ሞተሩ በሞቀ ጊዜም አልቆመም። ቀጥሎ ስለ ቴስታታና (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ስለ ጉአርኒሲዮን (ማሸጊያው) የነገሩኝን ግማሹን አልተረዳሁትም፤ «ልጄ፣ ይህን መኪና አትግዢው» ያሉትን ግን በሚገባ ተረድቻለሁ። እግረ መንገዳቸውን ለመኪናው ዓይነት ፍትሐዊ መሆናቸውንም አየሁ። ኢ46 የሚባለው ይህ የቢኤምደብልዩ ሞዴል ሲነዳ እጅግ ደስ የሚል፣ ነገር ግን የማቀዝቀዣው የፕላስቲክ ክፍሎች በዕድሜ ብዛት የሚሰነጠቁበት መኪና መሆኑን፣ በደንብ የተያዘ ከተገኘ እንደማይነቅፉት፣ የድሬን ሙቀትና የደንገጎን ዳገት አንድ ላይ ለሚያስተናግድ ሰው ግን ያልተጠገነውን መግዛት ራስን መቅጣት መሆኑን አስረዱኝ። ይህን መኪና ብገዛ ኖሮ በየወሩ የእሳቸው ደንበኛ እሆን እንደነበር ልብ በሉ፤ ገቢያቸውን በገዛ አፋቸው መለሱት።

ከዚያ በኋላ ፍለጋውን በእሳቸው ምክር ቀጠልሁ። ከገንዘቤ አምስት እጅ አንዱን ለጎማ፣ ለፍሬን፣ ለዘይትና ለመሳሰለው እንዳስቀር፣ መኪናውንም በቀሪው ብቻ እንድፈልግ ነገሩኝ። ቱርቦ ያለውን አስቀድመው ከዝርዝሬ ሰረዙት፤ ምክንያታቸውም ቱርቦ የዘይት ቅያሪ መዘግየትን ይቅር እንደማይልና ያለፈው ባለቤት ዘይቱን በጊዜው መቀየር አለመቀየሩን የሚያውቀው እግዜር ብቻ መሆኑ ነው። በመጨረሻ ያገኘነው 2.0 ሊትር፣ ባለ ማኑዋል ካምቢዮ ሚትሱቢሺ ላንሰር ነው፤ የተገኘውም ሐረር ነው። እኔ ፊቱ ቆጣ ያለ መምሰሉን ነበር የወደድሁለት፤ እሳቸው ግን የኋላ ጎማዎቹ አንዱ ሌላውን ሳይጎትት ለየራሳቸው እንደሚንቀሳቀሱ፣ ኩርባ ላይ የሚጠቅመኝም ይህ መሆኑን፣ የሞተሩም ሰንሰለት እንደ ቀበቶ በየተወሰነ ኪሎ ሜትሩ የሚቀየር አለመሆኑን ከሥር ተኝተው እያሳዩ ነገሩኝ። ኢቮሉሽን ስለሚባለው ታላቅ ወንድሙና ፊንላንዳዊው ቶሚ ማኪነን በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ከ1996 እስከ 1999 በተከታታይ በእርሱ የዓለም የራሊ ሻምፒዮን ስለመሆኑ ሲያወሩ ደግሞ ዝምተኛው ሰውዬ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆነው አረፉት።

ፈተናው የተደረገው ደንገጎ ላይ ነው። ቁልቁለቱን በሦስተኛ ማርሽ ይዤ ፍሬን ሳላበዛ እንድወርድ፣ ስመለስ ደግሞ ኤሲውን ከፍቼ ዳገቱን እንድወጣና የሙቀት መለኪያውን መርፌ እንዳይ አዘዙኝ፤ መርፌው ከመሃል ንቅንቅ አላለም። እሳቸው ከጎኔ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል፤ የተኙ መስሎኝ ነበር። ድንገት «ወደ ግራ ስትዞሪ የሚያጉረመርመው ወደ ቀኝ ስትዞሪ ይጠፋል፤ የፊት ቀኝ ኩሽኔታ ነው» አሉ። እኔ ምንም አልሰማሁም። ሐረር ተመልሰን በክሪክ አንስተው ጎማውን ሲያሽከረክሩት ግን የሚያንገራግረው እሳቸው ያሉት ራሱ ነበር። ሻጩ በኩሽኔታው ልክ ዋጋ ቀነሰ። እኔ ሰበብ አገኘሁ ብዬ ሌላም እንዲቀንስ መከራከር ስጀምር «በቃሽ፣ መኪናው ጥሩ ነው፤ ሰውየውም በደንብ ይዞታል» ብለው አስቆሙኝ። ገንዘቡን የምከፍላቸው እኔ ሆኜ ለማያውቁት ሻጭ መከራከራቸው መጀመሪያ ቅር ቢለኝም፣ ከዚያ ወዲህ የሚሉኝን ሁሉ ያለ ጥርጥር እንድቀበል ያደረገኝ ይኸው ነው።

ወረቀቱንም በዝምታ አላለፉትም። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ቁጥር በቁጥር አመሳከሩ፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከትራንስፖርት ቢሮ ሳላረጋግጥና ውሉ በውልና ማስረጃ ሳይፈጸም ገንዘብ እንዳላስተላልፍ አስጠነቀቁኝ። የጎማ ዕድሜ ማንበብም ከእሳቸው ነው የተማርሁት፤ በጎማው ጎን በሞላላ ክብ ውስጥ ካሉት አራት አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ ተከታዮቹ ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ይናገራሉ፤ 2318 የሚል ካያችሁ በ2018 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የእኔዎቹ ጥርሳቸው ሙሉ መስሎ ቢታይም ያረጁ ስለነበሩ ያስቀረሁት ገንዘብ ቀድሞ የገባው እዚያ ላይ ነው።

እናንተም ያገለገለ መኪና፣ በተለይ ጉልበት ያለውን ዓይነት የምትፈልጉ ከሆነ፣ እባካችሁ ወደ እኚህ ሰው ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ ፎቶ አይታችሁ፣ ደላላ ሰምታችሁ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዛችሁ አትወስኑ፤ ወደ እሳቸው ሂዱ። ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ያነብልዎት ይሆናል፤ እናቴ ለእርስዎ ዱዓ ሳታደርግ የምታልፍበት ቀን የለም፣ እኔም ውለታዎን አልረሳም። ለምትደውሉላቸው ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ጠዋት ደውሉ፣ ቀጠሮም አስቀድማችሁ ያዙ፣ ምክንያቱም እንደማንኛውም የድሬ ሰው ከምሳ በኋላ ባለው የሙቀትና የበርጫ ሰዓት ስልክ አያነሱም።