ለጥቁርና ነጭ ፎቶ የትኛው ወረቀት፣ የትኛው ፕሪንተር?

ጥቁርና ነጭ ፎቶ በጥሩ ወረቀት ለማተም ፕሪንተር መግዛት ያሰቡ ሰዎች በቅድሚያ የሚጠይቁት ስለ ማሽኑ ነው። እኔ ግን ንጽጽሩን ከወረቀቱ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም በዚህ ደረጃ ያሉት ማሽኖች የተቀራረቡ ሲሆኑ፣ ወረቀቶቹ የሚሰጡት ጥቁር ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ልዩነቱን ለማየት አንድ ፎቶ በሁለት ወረቀት አተምሁ። ፎቶው እናቴ ከጓዳው በር አጠገብ ተቀምጣ ቡና ስታፈላ የተነሳችው ነው፤ ነጠላዋ ነጭ፣ ጀበናዋ ጥቁር፣ በመካከላቸው የእጣን ጭስ አለ። አንደኛው ወረቀት ሃነሙሌ ፎቶ ራግ ሲሆን በካሬ ሜትር 308 ግራም የሚመዝን፣ ሙሉ በሙሉ ከጥጥ የተሠራና ፊቱ የማያብረቀርቅ፣ ማት የሚባለው ዓይነት ነው። ሁለተኛው ካንሰን ኢንፊኒቲ ፕላቲን ፋይበር ራግ ነው፤ 310 ግራም ይመዝናል፣ እሱም ከጥጥ የተሠራ ነው፣ ፊቱ ግን ድሮ ፎቶ በጨለማ ክፍል ይታተምበት እንደነበረው፣ ባራይታ እንደሚባለው ወረቀት ወዝ አለው። በማቱ ላይ ጀበናው የከሰል ዱቄት የተቀባ መሰለ፤ በፕላቲኑ ላይ ደግሞ ገና ታጥቦ ከውሃ የወጣ። ወደ ነጠላው ሲመጣ ግን ፍርዱ ተገለበጠ፤ የወረቀቱ ጥጥና የነጠላው ጥጥ ተስማምተው፣ በማቱ ላይ ጨርቁን በእጅ የሚዳስሱት ያህል ሆነ።

የጥቁሩ ልዩነት ምክንያት ቀላል ነው። ማት ወረቀት ቀለሙን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ሸካራ ፊቱም የሚያርፍበትን ብርሃን ይበትናል፤ ስለዚህ እጅግ ጥቁር የተባለው ስፍራ እንኳ ካረፈበት ብርሃን 2 በመቶ ያህሉን መልሶ ወደ ዓይን ይልካል። ወዝ ያለው ወረቀት ቀለሙን ከፊቱ አጠገብ ስለሚይዘው የሚመልሰው ወደ ግማሽ በመቶ ይወርዳል። በወረቀት ላይ ሲነበብ ትንሽ ቁጥር ይመስላል እንጂ ዓይን አራት እጥፍ ልዩነትን አይስትም።

ይሁን እንጂ ብዙ ገዢ የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። ፎቶው ተራ መስታወት ባለው ፍሬም ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ መስታወቱ ራሱ በሁለት ፊቱ ከሚመጣበት ብርሃን 8 በመቶ ያህሉን ስለሚያንጸባርቅ፣ ከፊት ለፊቱ መስኮት ባለበት ሳሎን ውስጥ ያ ሁሉ የጥቁር ልዩነት በነጸብራቁ ይዋጣል። ለግድግዳ ከመስታወት ጀርባ የሚያትም ሰው ያለ ሐሳብ ጥጡን ማት ይግዛ፤ በእጅ እየተገለበጠ ለሚታይ አልበምና ለፖርትፎሊዮ ግን ወዝ ያለው ይሻላል። ወዝ ያለው ወረቀት በጥፍር ጫና ቶሎ ቢጎዳም፣ ማቱም ቢሆን ጥቁሩ በጣት ሲታሽ ስለሚላጥ ያለ ጓንት አይነካም።

አሁን ወደ ማሽኖቹ። እዚህ የማነጻጽራቸው ኤፕሰን ሹርከለር ፒ900 እና ካነን ፕሮ-1000 ናቸው፤ ሁለቱም እስከ 17 ኢንች ስፋት፣ ማለትም እስከ ኤ2 ድረስ ያትማሉ፣ የሁለቱም ቀለም በውሃ የሚሟሟ ዳይ ሳይሆን ብርሃንን የሚቋቋም ፒግመንት ነው። ለጥቁርና ነጭ ዋናው ጉዳይ ግራጫው ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ርካሽ ፕሪንተር ግራጫን ከሰማያዊ፣ ከቀይና ከቢጫ ቀላቅሎ ስለሚሠራው፣ በመስኮት ብርሃን ደህና የነበረው ፎቶ ማታ በአምፖል ሥር አረንጓዴ ወይም ሮዝ ይመታል። እነዚህ ሁለቱ ግን ከጥቁሩ ሌላ ሁለት ሁለት የግራጫ ቀለም አላቸው፤ ጭሱ ሳይቆራረጥ ከጨለማው ወደ ነጩ የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው። የካነኑ ታናሽ የሆነው ፕሮ-300 ግራጫው አንድ ብቻ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ከሁለቱ ዝቅ ብሎ ይታየኛል።

ኤፕሰኑ አድቫንስድ ብላክ ኤንድ ዋይት የሚባል የራሱ መንገድ አለው፤ በግራጫዎቹ ላይ ተመርኩዞ ስለሚያትም የፎቶውን ግራጫ ወደ ሞቃት (ወደ ቡናማ የሚያደላ) ወይም ወደ ቀዝቃዛ (ወደ ሰማያዊ የሚያደላ) ማዘንበል በጣም ይቀላል። ወዝ ባለው ወረቀት ላይ ደግሞ በጥቁሩ ላይ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ደርቦ ጥልቀቱን የሚጨምርበት ስልት አለው። ካነኑም የጥቁርና ነጭ ምርጫ አለው፣ ጎልቶ የሚታየው ጥንካሬው ግን ክሮማ ኦፕቲማይዘር የተባለው ቀለም የለሽ ፈሳሽ ነው፤ ቀለም ያረፈበትና ያላረፈበት ስፍራ እኩል ወዝ እንዲኖረው ያደርጋል። ፎቶውን ወደ ጎን አዘንብሎ ሲያዩት ነሐስ የሚመስል ነጸብራቅ የሚያናድደው ሰው ይህን ካነን ይምረጥ። ለማት ወረቀት ግን ያ ጥቅም የለውም፤ እኔም ብዙውን ጊዜ በማት ስለማትም ወደ ኤፕሰኑ አዘነብላለሁ። ክብደትም አለ፦ ኤፕሰኑ 15 ኪሎ ያህል፣ ካነኑ 32 ኪሎ ያህል ነው፤ ደረጃ ለሚወጣ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም።

በአንጻሩ የካነኑ ሄድ፣ ማለትም ቀለሙን ኖዝል በሚባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚረጨው ክፍል፣ ቢያረጅ ባለቤቱ ራሱ ሊለውጠው ይችላል፤ የኤፕሰኑ ግን ያለ ቴክኒሻን አይነካም። ይህ ደረቅ አየር ባለበት፣ በተለይም በበጋው አዲስ አበባ፣ ችላ የሚባል ነገር አይደለም። ቀድሞ የነበረኝን አንድ ፕሪንተር ሁለት ወር ሳላበራው ቆይቼ ስመለስ ኖዝሉ ደርቆ ነበር፤ በማጽጃው ደጋግሜ ሳስታጥበው ግራጫው ካርትሬጅ አንድም ፎቶ ሳይታተምበት አለቀ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንድ ጊዜ ትንሽ ፎቶ አትማለሁ። በቀለም በኩል ኤፕሰኑ 50 ሚሊ ሊትር የሚይዙ አሥር ካርትሬጆች፣ ካነኑ 80 ሚሊ ሊትር የሚይዙ አሥራ ሁለት ካርትሬጆች ስላላቸው፣ የመጀመሪያውን ሙሉ ለውጥ ከማሽኑ ዋጋ ጋር አብሮ ማስላት ይገባል።

ለመለማመጃ ብቻ ከሆነ ቀለሙ በጠርሙስ የሚሞላው ኤፕሰን ኢኮታንክ ኢቲ-8550 ይበቃል፤ አንድ ግራጫ አለው፣ ዕለታዊ ወጪውም ዝቅተኛ ነው። ነገር ግን ከስድስቱ ቀለም አንዱ ብቻ ፒግመንት ስለሆነ፣ የሚሸጥ ሥራ አላትምበትም።

በዓመት ጥቂት ፎቶ ብቻ የሚያትም ሰው ደግሞ ምንም ፕሪንተር ባይገዛ ይሻለዋል፤ ወደ ማተሚያ ቤት ይሂድና ለጥጡ ማት ወረቀት የሚጠቀሙት ማት ብላክ፣ ማለትም ለማት ወረቀት የተሠራው ጥቁር ቀለም፣ መሆኑን ይጠይቅ። አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ አሳትሜ የተመለሰልኝ ጀበና አመድ መስሎ ነበር፤ ለወዛም ወረቀት የተሠራውን ጥቁር በማቱ ላይ ደፍተውበት ኖሯል።