የልጄ ፍራሽ መሸፈኛ፦ ከ14 ወር በኋላ

ልጄ አሁን ሰባት ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት የምትነሣው እያስነጠሰች ነበር፤ አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ በተከታታይ። ዘመድ ሁሉ «ሳይነስ ነው» ይለን ነበር። በኋላ የሌሊት ሳልና የደረት ሲርሲርታ ሲጨመርበት ሐኪሟ የቆዳ ምርመራ አዘዘች። ጀርባዋ ላይ ከተጫሩት ነጥቦች ሁለቱ ቀልተው አበጡ፤ የኦክ ዛፍ ብናኝና ደስት ማይት የምትባል የቤት አቧራ ተባይ። በኦኩ ላይ ብዙ ማድረግ አንችልም፤ ሜሪላንድ ውስጥ ኤፕሪል ሲመጣ መኪናው ሁሉ ቢጫ ብናኝ ይለብሳል። ደስት ማይቷ ግን ያለችው እኛው ቤት፣ እኛው አልጋ ውስጥ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማችን ውስጥ 14 ወር ሙሉ የተጠቀምኩት ሁለት ነገር ነው፤ በዚፕ የሚዘጋ የፍራሽና የትራስ መሸፈኛ፣ እና ባለ ሄፓ (ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ) ማጣሪያ የአየር ማጽጃ ማሽን። እንግዳ ሲመጣ የሚጠይቀኝ ስለ ማሽኑ ነው። ልጄን ያሳረፋት ግን መሸፈኛው ነው።

ምክንያቱን ለማስረዳት ስለ ደስት ማይት ትንሽ ልበል። ትኋን አይደለችም፤ አትነክስም። ርዝመቷ የሚሊሜትር ሲሶ ገደማ ስለሆነ በዓይን አትታይም። ከሰውነታችን የሚረግፈውን የቆዳ ቅርፊት ትበላለች፤ ውሃ አትጠጣም፣ የሚያስፈልጋትን እርጥበት ከአየሩ ትስባለች። አለርጂውን የሚቀሰቅሰው በዋናነት ኩሷ ነው። ኩሷ ደግሞ ከባድ ስለሆነ አልጋ ሲነጠፍ ወይም ልጅ ፍራሽ ላይ ስትዘል ብድግ ይልና ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይወርዳል። ማሽኑ የሚይዘው አየር ላይ ያለውን ብቻ ነው። ልጅ ግን ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀብራ ዘጠኝ ሰዓት ትተኛለች። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ 180 ዶላሩን መጀመሪያ ለማሽን አላወጣም ነበር።

መሸፈኛ ስገዛም ተሳስቻለሁ። የመጀመሪያው ርካሽ ፕላስቲክ ነበር። ልጅቷ በተገላበጠች ቁጥር ይንኮሻኮሻል፣ ያልባታል፤ በሁለት ወር ውስጥ ማዕዘኑ ተቀደደ። ሁለተኛው ከላይ ጨርቅ ሆኖ ከውስጥ ስስ ሽፋን የተለጠፈበት ነው፤ ለልጅ አልጋ 38 ዶላር፣ ለትልቁ አልጋ 70 ከፈልኩ። ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። ጁላይና ኦገስት ላይ ከተራ አንሶላ ይልቅ ይሞቃል፤ እኛ በላዩ ወፈር ያለ የጥጥ አንሶላ በማንጠፍ ለምደነዋል። ስትገዙ እሽጉ ላይ የቀዳዳውን መጠን ፈልጉ። ለደስት ማይት ከ10 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺሕኛ) በታች ከሆነ ይበቃል፤ ድመት ያለበት ቤት ግን ወደ 6 መውረድ አለበት። «ሃይፖአለርጂኒክ» (አለርጂ የመቀስቀስ ዕድሉ ያነሰ) የሚለው ቃል ብቻውን ስለ ቀዳዳው ምንም አይነግራችሁም። ደግሞም ስድስቱንም ጎን አልብሶ በዚፕ የሚዘጋ መሆን አለበት፤ ከላይ ብቻ የሚለበስ ለሽንት እንጂ ለዚህ አይሆንም።

የልጅቷን አልጋ ከሸፈንን በኋላ ስድስት ሳምንት ምንም ለውጥ አላየሁም። በጣም ተስፋ ቆርጬ ነበር። አንድ ሌሊት እሷን ሳዳምጥ ነቅቼ ስቆይ ነገሩ ገባኝ። በየሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥታ በእኔና በአባቷ መካከል ትገባለች፤ የቀረውን ሌሊት የምትተኛው ስምንት ዓመት ባገለገለው፣ ባልተሸፈነው የእኛ ፍራሽ ላይ ነው። የእኛንም ፍራሽ፣ አራቱንም ትራስ ሸፈንን። ለውጡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፍሪጁ ላይ በለጠፍኩት ካላንደር የሌሊት ሳሏን ምልክት አደርግ ነበር፤ ኖቬምበር ላይ በሳምንት ሦስትና አራት ሌሊት የነበረው ፌብሩዋሪ ላይ በሁለት ሳምንት አንድ ሆነ። በመካከሉ መድኃኒቷን አላቋረጥንም፤ በየቀኑ የምትስበው አለ፣ መቀነስ ካለበትም የምትቀንሰው ሐኪሟ ናት።

አንሶላና የትራስ ልብሱ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ መታጠብ አለበት። ደስት ማይትን ለመግደል ውሃው 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መድረስ ይኖርበታል። እኛ የምናጥበው ምድር ቤት ባለው የጋራ ማሽን ነው፤ «ሙቅ» የሚለውን እየጫንኩ ወራት ቆየሁ። አንድ ቀን የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ይዤ ወርጄ ማሽኑ ውስጥ ስነክረው 47 አሳየኝ። እዚህ አገር ብዙ ቤት የውሃ ማሞቂያው 49 ዲግሪ ላይ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ አሁን የምተማመነው በማድረቂያው ነው፤ በከፍተኛ ሙቀት ሙሉ ዙር አስኬደዋለሁ። መሸፈኛውን ራሱን ግን ከፍተኛ ሙቀት ውስጥ አታግቡት፤ የውስጡ ሽፋን ይላላጣል። እኔ በእርጥብ ጨርቅ እወለውለዋለሁ፣ በዓመት ሁለት ሦስቴ ብቻ ለብ ባለ ውሃ አጥበዋለሁ።

ማድረቂያ የማይችል ነገር ፍሪዘር ይገባል። የልጄ የአሻንጉሊት ጥንቸል ከእንጀራውና ከበርበሬው አጠገብ በላስቲክ ተጠቅልሎ አንድ ሙሉ ቀን ያድራል። «እማ፣ ይበርደዋል» ብላ መጀመሪያ አልቅሳ ነበር፤ አሁን ራሷ ናት የምታስተኛው። ቅዝቃዜው ይገድላል እንጂ ኩሱን አያስወግድም፤ ከዚያ በኋላ መታጠብ አለበት።

እማዬ ሜይ ላይ ከአዲስ አበባ መጥታ አራት ወር ከእኛ ጋር ነበረች። ያመጣችልንን ጋቢ «ይህንንም ላስቲክ ልታለብሺው ነው?» ብላ አዘነችብኝ። ጋቢውን አጥበን በማድረቂያ አደረቅነው፤ ትንሽ ተኮማተረ እንጂ ምንም አልሆነም። ከእሷም የተማርኩት አለ። ክረምት ሲወጣ ፍራሽ ፀሐይ ላይ ታሰጣ እንደነበር ነገረችኝ፤ ልጅ ሆኜ ሥራው ያንገሸግሸኝ ነበር። ለካ ደስት ማይትን የሚያደርቃት እሱ ነው! እኛ ደግሞ ያለፈው ዊንተር ሂተሩ አየሩን አደረቀው ብለን ልጅቷ ክፍል ውስጥ የእንፋሎት ማሽን አስገብተን ነበር። የእርጥበት መለኪያ በ12 ዶላር ገዝቼ ሳይ 62 በመቶ ደርሷል። ከ50 በታች መሆን አለበት። የእንፋሎት ማሽኑን አወጣሁ፤ በጋ ላይ ደግሞ እርጥበት የሚመጥ ማሽን እናበራለን።

መሸፈኛ ብቻውን ሁሉን ይፈውሳል ብሎ የሚነግራችሁን አትመኑ። እ.ኤ.አ. በ2003 እንግሊዝ ውስጥ ከ1,100 በላይ አዋቂ የአስም ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት መሸፈኛው ብቻውን እንዳልጠቀማቸው አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሌላ የእንግሊዝ ጥናት ግን የተደረገው ደስት ማይት አለርጂ ባለባቸው ልጆች ላይ ነበር፤ በዓመት ውስጥ በአስም ምክንያት ለድንገተኛ ሆስፒታል የገቡት መሸፈኛ ከተሰጣቸው 29 በመቶ፣ ተራ ጨርቅ ከተሰጣቸው 42 በመቶ ገደማ ናቸው። እኔ ከዚህ የምይዘው ሁለት ነገር ነው፤ መጀመሪያ ልጃችሁ አለርጂዋ የምን እንደሆነ ይመርመር፣ ከዚያ የምትተኛበት አልጋ ሁሉ ይሸፈን።

የአየር ማጽጃ ማሽኑን አልጣልኩትም። ሳሎን ወስጄዋለሁ፤ ኤፕሪል ላይ መስኮት ዘግተን ስንቀመጥ ለብናኙ ይረዳናል። እማዬ ቡና ስትቆላና ዕጣን ስታጨስ መብራቱ ወዲያው ቀይ ይሆን ነበር። ጭስ አለርጂ ባይሆንም የአስም ደረት ያስቆጣል፤ ስለዚህ ዕጣኑ ልጅቷ ትምህርት ቤት ባለችበት ሰዓት፣ የበረንዳው በር ተከፍቶ እንዲሆን ተስማማን። ስትገዙ ሲኤዲአር የሚለውን፣ ማሽኑ በደቂቃ ስንት አየር እንደሚያጸዳ የሚያሳየውን ቁጥር ተመልከቱ፤ ከክፍሉ ስኩዌር ፊት ሁለት ሦስተኛ ያላነሰ ይሁን። ለ120 ስኩዌር ፊት መኝታ ቤት 80 ማለት ነው። ማጣሪያው በየስምንት ወሩ 45 ዶላር ያስወጣኛል፤ ይህን በሂሳባችሁ አስገቡ።

ምንጣፉ እስካሁን አልተፈታልኝም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተለጠፈ ነው፤ የሐኪም ደብዳቤ ይዤ እንኳ ብጠይቅ የአፓርታማው አስተዳዳሪዎች ሊያነሡት ፈቃደኛ አልሆኑም። ቅዳሜ ቅዳሜ ባለ ሄፓ ቫኪዩም እናስነሳለን፤ አባቷ እሷን ይዞ ይወጣል፣ ሰዓት ያህል ቆይተው ይመለሳሉ።

የልጅቷ መሸፈኛ ዚፕ ባለፈው ሳምንት ከጫፉ መከፈት ጀመረ። ለጊዜው ሰፊ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ። ያንኑ ዓይነት አዲስ አዝዣለሁ፤ ሐሙስ ይደርሳል።