የአንጎል ሞገድ አይቶ ባይፖላርን ይለያል የተባለው ምርመራ፦ ከ5 ኮከብ 2

እህቴን ይዤ ሄጄ ነበር። የአንጎል ሞገድ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ) ቀርፀው በማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ከብዙ ሰው ቅጂ በተማረ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ሕመሙ ባይፖላር (ስሜት አንዴ በድብርት የሚወድቅበት፣ አንዴ ከልክ በላይ የሚነቃቃበት ሕመም) ይሁን ድብርት ብቻ እንለያለን ይላሉ። የክሊኒኩን ስም አልጠራም፤ ያየሁትን ግን ልንገራችሁ።

ምርመራው አያምም። 19 ኤሌክትሮድ ያለው ኮፍያ አጠለቁላት፣ በየቀዳዳው ጄል ጨመሩ፣ ከዚያ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ግለጪ፣ ጨፍኚ። ስትጨፍን ከጭንቅላቷ ኋላ በኩል የሚመጡት መስመሮች ወዲያው እኩል እኩል መወዛወዝ ጀመሩ። አልፋ ሞገድ ነው፣ በሴኮንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ። ሐንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1924 ከሰው ጭንቅላት የቀረፀው ይህንኑ ሞገድ ነው። እኔ በበኩሌ ፈዝዤ ቀረሁ። ባለሙያዋም ደግ ናት፤ ጄሉን ከእህቴ ፀጉር ላይ ራሷ ጠረገችላት።

ውጤቱ ላይ ነው የተናደድኩት። አንድ ገጽ ወረቀት፣ ባለቀለም የጭንቅላት ሥዕል፣ ከሥሩ ባይፖላር የመሆን ዕድሏ ከመቶ ይህን ያህል ነው የሚል ቁጥር። በቃ። ማሽኑ የስንት ሰው ሞገድ አይቶ ነው የተማረው ብዬ ጠየቅሁ። የአንድ ሰው ቅጂ ተቆራርጦ ከፊሉ ለመማሪያ፣ ከፊሉ ለመፈተኛ ከገባ እኮ ማሽኑ የሚለየው ሕመሙን ሳይሆን ሰውየውን ሊሆን ይችላል፣ ቁጥሩም ከእውነቱ በላይ ያምራል። መልስ የሰጠኝ የለም። የምትወስደውን መድኃኒትም አልጠየቋትም። እህቴ ዲያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት ትወስዳለች፤ እሱ ደግሞ ቤታ የሚባለውን ሞገድ ይጨምራል። ታዲያ ማሽኑ ያየው ሕመሟን ነው ወይስ ክኒኑን?

ወረቀቱን ለሐኪሟ ወሰድንለት። አየት አድርጎ አስቀመጠውና እሷኑ ጠየቃት። «ብዙ ሳትተኚ፣ ድካምም ሳይሰማሽ የሰነበትሽበት ጊዜ ነበር?» ዝም አለች። ያስታወስኩት እኔ ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት አምስት ቀን ሙሉ ሌሊት ሁለት ሁለት ሰዓት ብቻ እየተኛች፣ ያለማቋረጥ እያወራች፣ የቤቱን ግድግዳ በሙሉ ቀለም ቀብታ ነበር። እኛ ደግሞ ተሻላት ብለን ደስ ብሎን ነበር! ሃይፖማኒያ (ቀለል ያለው ከልክ ያለፈ መነቃቃት) ለመባል ቢያንስ 4 ተከታታይ ቀን እንደሚያስፈልግ የሰማሁት ያኔ ነው። ባይፖላር ያለበት ሰው የድብርት መድኃኒት ብቻውን ቢወስድ ወደ ማኒያ (ወደ ከባዱ መነቃቃት) ሊገፋው ስለሚችል፣ ይቺ አምስት ቀን ቀላል ነገር አይደለችም።

የአንጎል ሞገድ ምርመራ ለሚጥል በሽታ ከታዘዘላችሁ ሂዱ፣ አታቅማሙ። ባይፖላርን ለመለየት ግን ለጊዜው ከሐኪሙ ጥያቄ አይቀድምም። እኛ አሁን የእንቅልፍ ሰዓቷን በደብተር እየመዘገብን ነው፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘን የምንሄደው እሱን ነው።