የተነቀለ ባላ የማይለቅ ታብሌት

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ይባል የለ? ሲም ካርድ የሚቀበለውን ታብሌት የገዛሁት በዚሁ ስሌት ነው። ሻጩ ተረቱን ባይጠራውም ሐሳቡን አሳምሮ ሸጦልኛል፦ «ዋይፋዩ ሲደክም ዳታው ይቀበላል፤ ሁለቱ አብረው ስለሚሠሩ መቆራረጥ የሚባል ነገር አያውቁም።» ዋይፋይ ብቻ ካለው ላይ ጨምሬ ከፍዬ ወጣሁ። ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ። ስክሪኑ ጥሩ ነው፤ ባትሪውም አያሳፍርም። የሚያናግረኝ የባላው ነገር ነው።

በሁለተኛው ወር ለሥራ ቃለ መጠይቅ በቪዲዮ ቀርቤ ነበር። መሃል ላይ ጠያቂዋ አፏን እንደከፈተች ደርቃ ቀረች። ቀና ብዬ ሳይ የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው። የሲሙም ሙሉ ነው፤ ፓኬጁ ገና አልተነካም። ታብሌቱ ግን በዋይፋዩ ላይ ሙጭጭ ብሏል። በእጄ ዋይፋዩን አጥፍቼ እስክመለስ ሴትዮዋ ወደ ሌላ ጥያቄ አልፋለች፤ እኔም ያቋረጥኩት ዓረፍተ ነገር ጠፍቶኛል። ሥራውን አላገኘሁትም። በታብሌቱ ምክንያት ነው አልልም፤ አይደለምም አልልም።

በኋላ ሳጣራ፣ ያ ምልክት የሚለካው በታብሌቱና በራውተሩ መካከል ያለውን ሲግናል ብቻ ነው። ከራውተሩ ወዲያ ያለው መስመር ቢሞት ምልክቱ አይቀንስም። ታብሌቱ መጀመሪያ ሲገናኝ ኢንተርኔት መኖሩን ይፈትሻል፤ ፈተናው ካለፈ በኋላ ግን መስመሩ ቢዳከም ለመንቃት ጊዜ ይወስድበታል። ጭራሹን ከሞተው ይልቅ እያጣጣረ ያለው ዋይፋይ ይብሳል፤ በየመሃሉ ጠብ ጠብ እያለ «አለሁ» ይላላ!

«አብረው ይሠራሉ» የተባለውም ቢሆን፣ በተለመደው አሠራር ዋይፋይ እስካለ ድረስ ዳታው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። ፍጥነታቸው አይደመርም። መቀያየሩም እንደሚወራው ቀላል አይደለም፦ ዋይፋዩ አንድ የኢንተርኔት አድራሻ ይሰጥሃል፣ ዳታው ሌላ፤ በአንዱ የጀመርከውን ጥሪ በሌላው ልቀጥል ስትል፣ አፑ ለዚህ ካልተሰናዳ በቀር ወዲያኛው ወገን እንደ እንግዳ ያይሃል። ሁለቱን መስመር ባንዴ የሚይዝ መልቲፓዝ ቲሲፒ የሚባል ዘዴ እንዳለ አውቃለሁ፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2013 ለድምፅ ረዳቱ ለሲሪ ተጠቅሞበታል። ነገር ግን በሁለቱም ጫፍ ያለው ካላወቀው አይሠራም፣ የእኔ የስብሰባ አፕ ደግሞ አያውቀውም።

ሻጩ አሁን ፊቴ ቢቆም የሚለኝን አውቃለሁ፦ «ሴቲንግ ውስጥ አለ እኮ!» አዎ፣ አለ። ዋይፋይ ሲደክም ወደ ዳታ የሚያዞር ማብሪያ በሦስተኛው ገጽ ተደብቆ፣ ጠፍቶ አገኘሁት። አበራሁት። ሁለት ሳምንት እንደ ንጉሥ ኖርኩ። ከዚያ ፓኬጁ በወሩ አጋማሽ አለቀ። መኝታ ቤቴ ከራውተሩ ይርቃል፤ ማታ ማታ ጋደም ብዬ ቪዲዮ ሳይ ታብሌቱ ዋይፋዩን እየናቀ ከሲሙ ሲጠጣ ከርሟል። ከላይ ያለችውን ትንሽ ምልክት በዚያ ሰዓት ማን ያያታል?

«ገደብ ያበጁለት» ይለኛል ደግሞ። አበጀሁለት፤ የቪዲዮ አፖቹን አንድ በአንድ ከዳታ ከለከልኩ፣ የስብሰባውን ብቻ ተውኩ። ከዚያ ወዲህ ፓኬጄ ወሩን ይዘልቃል። ግን ወንድሜ፣ ይህን ሁሉ ስትሸጥልኝ መች ነገርከኝ? የሚያስመሰግንህን ነገር እንኳ ሳትነግረኝ ቀረህ፦ ዋይፋይ ብቻ ያላቸው ብዙ ታብሌቶች ጂፒኤስ የላቸውም፣ ይሄኛው ግን አለው። መንገድ ላይ ካርታ ከፍቼ ያለሁበትን ቦታ በትክክል ሲያሳየኝ ነው ያወቅኩት። ይህን ብትለኝ ጭማሪውን ያለ ቅሬታ እከፍልህ ነበር።

አልሸጠውም። ይህንንም የምጽፈው ደጅ ተቀምጬ በሲሙ ነው፤ ዛሬ ሆዴ ቻል አድርጎታል። በቃለ መጠይቁ ማግስት ብጽፈው ሌላ ጽሑፍ ነበር የሚወጣው።

ታናሽ ወንድሜ ተመሳሳዩን ሊገዛ ነው። «መመለስ የሚቻልበት ቀን ሳያልፍ ቤት ውስጥ ፈትነው» አልኩት። «ራውተሩን አታጥፋ፤ ያንንማ ማንም ያውቃል። ወደ ራውተሩ የሚገባውን የኢንተርኔት ገመድ ብቻ ንቀልና፣ ቪዲዮ ኮል ላይ ሆነህ ሰዓት ያዝ።» የእኔው ላይ ስሞክረው፣ ማብሪያው በርቶም፣ ወደ ሲሙ እስኪሻገር አርባ ሰከንድ ፈጅቷል። አርባ ሰከንድ ሙሉ የገዛ ፊቴን አየሁ።