ደረጃ ወይስ የሥራ ማኅደር፦ የልጅን ውጤት ለወላጅ ማሳየት

በሐዋሳ ልጁን በዓለም አቀፍ የክርስቲያን ትምህርት ቤት የሚያስተምር ወላጅ በዓመቱ መጨረሻ ሁለት ዓይነት የውጤት መግለጫ ሊያጋጥመው ይችላል፦ አማካይ ነጥብና ደረጃ የሰፈረበት ካርድ፣ ወይም ተማሪው ዓመቱን ሙሉ የሠራቸው ሥራዎች የተሰበሰቡበት ማኅደር። ካርዱ በአንድ እይታ ይነበባል፤ ልጁ ሲዛወርም ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ አንደኛና አምስተኛ የወጡትን ልጆች አንዳንድ ጊዜ የሚለያያቸው ከ1 ነጥብ ያነሰ የአማካይ ልዩነት መሆኑ ከደረጃው አይታይም።

ማኅደሩ ሥራውን ራሱን ያሳያል። ለምሳሌ የሳይንስ ተማሪዎች በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የአሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርደው አሣ አጥማጆች ያወጡትን ቆሮሶና አምባዛ ቢለኩ፣ ልኬቱን በሰንጠረዥና በግራፍ ቢያሰፍሩ፣ ሐይቁን የመጠበቅ ኃላፊነት ከእምነታቸው ጋር እንዴት እንደሚያያዝም በመጽሐፍ ቅዱስ ክፍለ ጊዜ ቢጽፉ፣ ወላጅ የመጀመሪያውን ረቂቅ ከታረመው ጋር አስተያይቶ ልጁ ምን እንደተማረ በዓይኑ ያያል። (አንድ አባት የልጁን ሥራ በጥሞና ሲያገላብጥ ማየት እንዴት ደስ ያሰኛል!) ለመምህሩ ግን ድካሙ ብዙ ነው፤ 40 ተማሪ ባለበት ክፍል ለእያንዳንዱ አስተያየት መጻፍ ይከብዳል።

ቢሆንም በታችኞቹ ክፍሎች ማኅደሩን አስቀድማለሁ፤ ለ8ኛ ወይም ለ12ኛ ክፍል ፈተና ለሚዘጋጁ ተማሪዎች ግን ነጥቡ ሊቀር አይችልም።