«ክትባት የጨረሱ ናቸው» ለሚላችሁ ቄብ ሻጭ ብር ከመክፈላችሁ በፊት

ሐዋሳ ውስጥ በግቢያችሁ ጥቂት ዶሮ ለማርባት ያሰባችሁ ሰዎች፣ ብራችሁን ከኪሳችሁ ሳታወጡ ይህን አንብቡልኝ። በባጃጅና በትንሽ ጭነት መኪና ቄብ እያዞሩ የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ዋጋቸው ከገበያው ዝቅ ይላል። ቤት ድረስ ያመጡላችኋል። «ክትባት የጨረሱ ናቸው፣ ምንም አያሳስብ» ይላሉ። ከመካከላቸው ሐቀኛ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እኔ የገዛሁት ግን ሕመሙን ከነዶሮው ሸጦልኝ፣ ሲብስባቸው ደግሞ መድኃኒቱንም ልሽጥልሽ ብሎ ከመጣ ሰው ነው። ስሙን አልጽፍም። አሠራሩን ግን ልንገራችሁ። አቶቴ አካባቢ ያሉ ዘመዶቼም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸዋል።

ቄቦቹ ሲመጡ ደህና ይመስሉ ነበር። ይበላሉ፣ ይጭራሉ። ሳምንት ሳይሞላቸው አንዷ ማስነጠስ ጀመረች። ቀጥሎ በዓይኗ ጥግ ላይ የሳሙና አረፋ የመሰለ ነገር ታየ። ከዚያ ከዓይኗ ሥር አበጠ፣ ዓይኗም ተከደነ። ከአፍንጫዋ የሚወጣው ፈሳሽ ይከረፋል። ማታ የዶሮ ቤቱን ስዘጋ ጉሮሮዋ ሲያንኮራፋ በር ላይ ሆኜ ይሰማኝ ነበር።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «እህቴ፣ ብርድ ነው። የሐይቁ ንፋስ ነው። ቦታ ሲቀይሩ እንዲህ ይሆናሉ፤ መድኃኒቱ እኔ ጋ አለ» አለኝ። በስስ ፌስታል የተቋጠረ ቢጫ ዱቄት ይዞ መጣ። ስም የለው፣ መጠን የለው፣ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን የለው። ምንድን ነው ስለው «ቴትራ ነው፣ ለሁሉም ይሆናል» አለ፤ ቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ማለቱ ነው። ስንት ነው የሚሰጠው ስለው «በማንኪያ ጫፍ» አለ። በምን ያህል ውሃ? ለስንት ቀን? መልስ የለም። ዋጋውን ግን አሳምሮ ያውቀዋል። አልገዛሁም። ዶሮዋን በካርቶን አድርጌ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድኳት።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ስንቶቹ ታመዋል? የሞተ አለ? ኩሳቸው ምን ይመስላል?» የሚለውን ነው። ጥያቄው ዝም ብሎ አይደለም። የዶሮ የመተንፈሻ ሕመሞች ሲጀምሩ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ማስነጠስ፣ ንፍጥ፣ ማንኮራፋት። ውስጣቸው ግን ለየቅል ነው። ፈንግል የቫይረስ በሽታ ነው። መድኃኒት የለውም፤ ዋናው መከላከያው ክትባት ነው። ብዙ ዶሮ ባንዴ ይጥላል፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ያመጣል፣ አንዳንዷን አንገቷን ያጣምማታል። ኮራይዛ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ነው። ፊት ያሳብጣል፣ የአፍንጫው ፈሳሽ ይሸታል። ማይኮፕላዝማ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ሥር የሚሰድ የመተንፈሻ ሕመም ያመጣል። ከእናት ወደ ጫጩት በእንቁላል ሳይቀር ይተላለፋል። የዶሮ ፈንጣጣም በአፍና በጉሮሮ ውስጥ ሲወጣ ትንፋሽ ይከለክላል። ቫይታሚን ኤ ያነሳት ዶሮ እንኳ ዓይኗ ሊያብጥ ይችላል። «ለሁሉም ይሆናል» የሚባል ዱቄት እንግዲህ ለየትኛው ነው የሚሆነው? ፈንግልን አንቲባዮቲክ አይነካውም። እናንተ ዱቄቱን ስትበጠብጡ የጎረቤት ዶሮ ሁሉ ያልቃል።

የእኔዋን አይቶ ኮራይዛ እንደሚመስለው፣ ማይኮፕላዝማም ሊኖርባት እንደሚችል ነገረኝ። እርግጡን የሚናገረው ላቦራቶሪ እንደሆነም አልደበቀኝም። እንዲህ በግልጽ የሚናገር ባለሙያ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ «ክትባት የጨረሱ» እንመለስ፤ ዋናው ማታለያ እሱ ነውና። የትኛውን ክትባት? በሀገራችን ለዶሮ በብዛት የሚሰጡት የፈንግል፣ የጉምቦሮና የማሬክስ (ሁለቱም የዶሮ የቫይረስ በሽታዎች ናቸው) እንዲሁም የፈንጣጣ ክትባቶች ናቸው። የፈንግሉን ክትባት ቢሾፍቱ ያለው የመንግሥት ተቋም እዚሁ ያመርተዋል፤ ችግሩ የክትባት መጥፋት አይደለም። ከእነዚህ አንዳቸውም ግን ኮራይዛን ወይም ማይኮፕላዝማን አይከላከሉም። ስለዚህ ሻጩ እውነቱን ቢሆን እንኳ የገዛችኋት ዶሮ እያስነጠሰች ልትመጣ ትችላለች። ውሸቱን ከሆነ ደግሞ ፈንግል ሲገባ ምንም መከላከያ የላትም። የፈንግል ክትባት አንዴ ተሰጥቶ የሚያልቅ ነገርም አይደለም፤ በየጊዜው ይደገማል። ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ፀሐይ ላይ በባጃጅ ሲዞር የዋለ ብልቃጥ ክትባት አይባልም። «ጨርሰዋል» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። በየትኛው ቀን የትኛው ክትባት እንደተሰጠ የተጻፈበት፣ የሰጠው ባለሙያ የፈረመበት ወረቀት ካለ ያሳይ። ከታወቀ ጫጩት አሳዳጊ የወጣ የ45 ቀን ዶሮ ወረቀቱ አብሮት ቢመጣ ማንንም አይከብድም። «ወረቀቱ ቤት ቀርቷል» ካላችሁ፣ ዶሮዎቹንም ቤት ያቆያቸው።

ስትገዙ የሚሰጧችሁን ዶሮ ብቻ አትዩ። ጠቅላላ የመጡበትን ሳጥን እዩ። አንዷ ካስነጠሰች ሁሉም አብረው ተንፍሰውታል። ዶሮዋን ያዙና ደረቷን ወደ ጆሯችሁ አስጠጉ፤ ጤነኛ ትንፋሽ ድምፅ የለውም። የአፍንጫዋን ቀዳዳ እዩ። የመኖ ብናኝ ከተለጠፈበት እርጥብ ነበር ማለት ነው። ከዚያ የማታስቡትን ቦታ፣ የክንፏን ትከሻ እዩ። ንፍጥ ያለባት ዶሮ ፊቷን የምትጠርገው እዚያ ላይ ነው። ላባው ከተጣበቀና ከቆሸሸ፣ ሻጩ አፍንጫዋን በጨርቅ ቢያጸዳላትም ትከሻዋ ይመሰክርባታል። መጠጫቸው ውስጥ ያለው ውሃ ቢጫ ከሆነም ጠይቁ። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ መድኃኒት ላይ ያለች ዶሮ ምልክቱ ለጊዜው ይጠፋላታል። መድኃኒቱ ሲቋረጥና ጉዞው ሲያደክማት ይመለሳል። ያን ጊዜ እናንተ ቤት ናት።

ሻጩ «ከእኔ ጋ ደህና ነበረች» ቢል በምን ትረቱታላችሁ? ኮራይዛ በ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ይታያል። ማይኮፕላዝማ ግን ሳምንታት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። መብቱን ይዞ ለመሄድ ግን ከማን እንደገዛችሁ የሚያሳይ ነገር ያስፈልጋል። ደረሰኝ የማይሰጥ፣ አድራሻ የሌለው፣ ስልኩ በሳምንቱ የማይሠራ ሰው ላይ አዋጁ ምን ያደርግላችኋል? ቢያንስ ቀኑን፣ የዶሮዎቹን ብዛትና የመጡበትን ቦታ አስጽፉና አስፈርሙት። እምቢ ካለ አትግዙ።

የታመመች ዶሮ እጃችሁ ላይ ላለችባችሁ ደግሞ፣ መጀመሪያ ለዩዋት። መጠጫና መመገቢያዋም ለብቻ ይሁን። ኮራይዛ በጋራ መጠጫ ነው የሚዛመተው። ንፋስ የማያገኘው፣ አየር ግን የሚንቀሳቀስበት ደረቅ ቦታ ስጧት። በዶሮ ቤቱ ውስጥ እስከ እሷ ቁመት ዝቅ ብላችሁ አሽትቱ። ዓይናችሁን የሚቆጠቁጥ ሽታ ካለ የኩሱ አሞንያ ነው፤ የታመመ ሳንባዋን ይብሱን ያቃጥለዋል። ጉዝጓዙን ቀይሩ።

ፊቷን ማጽዳት ቀላል ይመስላል፤ ግን ዋናው እንክብካቤ እሱ ነው። ውሃ አፍሉና ለብ ሲል አንድ ሊትሩ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ንጹሕ ጨርቅ ነክራችሁ የደረቀው ንፍጥ እስኪለሰልስ አፍንጫዋ ላይ ያዙት። በጥፍር አትፈልቅቁት። ለእያንዳንዱ ዓይን ሌላ ጨርቅ ተጠቀሙ። ዓይኗ የተከደነባት ዶሮ የምትሞተው ብዙ ጊዜ በበሽታው ሳይሆን በጥማትና በረሃብ ነው፤ መጠጫውን አታየውማ። መንቁሯን ጫፉን ብቻ ውሃው ውስጥ ንከሩላት፣ ራሷ ትጠጣለች። መኖዋን በለብ ያለ ውሃ አርጥቡት። የተቀቀለ እንቁላል ፈርፍሩላት፤ እኔ ጋ መጀመሪያ የበላችው እሱን ነው።

አፏን ከፍታችሁ ግን ምንም አታፍስሱ። እዚህ ላይ እባካችሁ ስሙኝ። ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ፣ ፌጦ ተበጥብጦ፣ ሎሚ ተጨምቆ፣ በጉሮሮዋ የሚንቆረቆርላት በየቤቱ ነው። የዶሮን አፍ ከፍታችሁ ብታዩ ከምላሷ ኋላ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ ቀዳዳ አለ። የአየር ቧንቧዋ በር እሱ ነው። በግድ የፈሰሰ ነገር በእሱ ገብቶ ሳንባዋ ውስጥ ይወርዳል። በሽታው ያልገደላትን ዶሮ ያንቃታል። እናቶቻችን ለማዳን ብለው እንደሚያደርጉት አውቃለሁ፤ ፍቅራቸውን አልጠራጠርም።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ባለሙያ አይቶ ካዘዘላችሁ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት በታሸገ፣ ስምና ቀን ባለው ማሸጊያ ግዙ። ለእኔ የታዘዘው ኦክሲቴትራሳይክሊን ነበር። በምትጠጣው ውሃ ውስጥ በየቀኑ አዲስ ይበጠበጣል፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። ሌላ ውሃ አጠገቧ አይኑር፤ አለዚያ መድኃኒቱን ትታ ያንን ትጠጣለች። በወተት አትስጡት። የእንቁላል ቅርፊትና የኖራ ድንጋይ ዱቄትም ለጊዜው ይቅር፤ ካልሲየሙ መድኃኒቱን ይይዘዋል። ሲሻላት አታቋርጡ፣ የታዘዘውን ቀን ጨርሱ። እንቁላሏን ለስንት ቀን መብላት እንደማይቻል ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ፌስታሉ ላይ ግን ማን ጽፎት? ልጆቻችሁ ሳታውቁት መድኃኒት ያለበት እንቁላል ሊበሉ ይችላሉ። ከሰው ፋርማሲ የተገዛ ካፕሱል ከፍቶ መስጠትም መፍትሔ አይደለም። መጠኑን በግምት የምትሰጡት አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ያለማምደዋል፤ ነገ ሰው ሲታመም የሚፈለገውም ያው መድኃኒት ነው።

ብዙ ዶሮ ባንዴ ከሞተ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ወይም የአንገት መጣመም ካያችሁ ማስታመሙን ተዉና በቀጥታ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ። የሞተውን ቅበሩት፤ ለውሻ አትጣሉት። እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ፤ የፈንግል ቫይረስ የሰውንም ዓይን ያቀላል።

የእኔዋ እብጠቷ ጎደለ፣ ዓይኗም ተከፈተ። ከእሷ ጋ ከመጡት ሁለቱ ሞቱ። ድናለች ብዬ ግን ከሌሎች አልቀላቅላትም። ከኮራይዛም ከማይኮፕላዝማም የተረፈች ዶሮ ተሸካሚ ሆና ልትቀር ትችላለች። ጎረቤት «አሁን እኮ ድናለች፣ ለበዓል ሽጫት» ብሎኛል። አልሸጣትም። በየገበያው የሚዞረው ሕመም የሚመጣው እንዲህ ካሉ ዶሮዎች ነው፤ ለበዓል ወጥታ ሳትሸጥ የተመለሰች ዶሮም በሽታ ይዛ ትገባለች። ቀሪዎቹን ለቤታችን አርደን ስንጨርስ የዶሮ ቤቱን ጠርጌ፣ አጥቤ፣ ለፀሐይ ከፍቼ ቢያንስ 3 ሳምንት ባዶ አቆየዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚገባ አዲስ ዶሮ መጀመሪያ አንድ ወር ለብቻው ይቀመጣል።

ሰሞኑን ከሚዞር መኪና ቄብ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ባያስነጥሱም ዛሬውኑ ከነባሮቹ ለዩአቸው። የነባሮቹን መኖና ውሃ አስቀድሙ፣ የአዲሶቹን በመጨረሻ ስጡ፤ ጫማችሁንም ቀይሩ።